የጋሽ አልታዬ ፊልትሮ

ለወር ዕረፍት አገር ቤት ከርሜ ወደ ሥራዬ የተመለስኩ ዕለት፣ የሆስፒታሉ ዘበኛ ቦርሳዬን እየፈተሸ ጋሽ አልታዬ ማረፋቸውን ነገረኝ። ከተቀበሩ ዐሥራ አምስት ቀን ሆኗቸዋል አለኝ። ነፍስ ይማር ከማለቴ በፊት «ከምን?» አልኩት። ወባ ነው አለ፤ ወደ ጭንቅላታቸው ወጥቶ ሦስት ቀን እንኳ አልቆዩም። እውነቱን ለመናገር፣ ወባ ሲለኝ እፎይ አልኩ። ሰው ሞቶ፣ ያውም የምወደው ሰው ሞቶ፣ እፎይ ማለት ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ለማስረዳት ነው ይህን የምጽፈው።

እኔ የራጅ ባለሙያ ነኝ። ከጎጃም ተመድቤ አርባ ምንጭ ስመጣ ሁለት ዓመት ሠርቼ ለመዛወር አስቤ ነበር፤ ሙቀቱም ትንኙም አላስወጡኝም፣ ይኸው አለሁ። ጋሽ አልታዬ ደግሞ ሲቀላ በሚባለው የከተማው ሰፈር፣ ከጫኖ ሙዝ የጫኑ መኪኖች በሚያልፉበት መንገድ ዳር ጋራዥ የነበራቸው መካኒክ ናቸው። ከጨንቻ በላይ ካለው ደጋ የተወለዱ የሸማኔ ልጅ፣ አጠር ደልደል ያሉ፣ የመነጽራቸው አንድ ክንድ በቀጭን ሽቦ የታሰረ። ሲጠየቁ ወዲያው አይመልሱም። ከትከሻቸው የማይለየውን ጨርቅ አውርደው ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ይጠርጋሉ፤ ዐሥረኛው ጣት ሲያልቅ መልሱ ይመጣል። የቸኮለ ሾፌር አምስተኛው ጣት ላይ ያብዳል።

አፋቸውን የፈቱት በጋሞኛ ስለሆነ በአማርኛ ወንድና ሴት መለየት ብዙም አያስጨንቃቸውም። «ካምቢዮው ሞታለች» ይላሉ። እኔ ፈገግ ስል «ገብቶሃል?» ይሉኛል። ገብቶኛል። «ከገባህ ምን ቀረህ?» ይሉና ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

ጋራዣቸውን ከሌላው የሚለየው ግድግዳው ነበር። ሌላ ቦታ መካኒኩ የቀየረውን አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ አሳይቶ ይጥለዋል። ጋሽ አልታዬ ባለቤቱ ካልወሰደው ይሰቅሉታል። የተበላ ኩሽኔታ፣ ያለቀ የፍሬን ሸራ፣ የተሰነጠቀ ፒስተን፣ በቆሻሻ የታፈነ የነዳጅ ፊልትሮ፣ ሁሉም በሽቦ ተንጠልጥሎ አንገቱ ላይ ከዘይት ካርቶን የተቆረጠ ካርድ አለው። ካርዱ ላይ ሦስት ነገር ይጻፋል፦ ዕቃው ምን ያህል ጊዜ እንደሠራ፣ በምን እንደሞተ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ። ሾፌሮቹ ግድግዳውን «መካነ መቃብር» ይሉት ነበር።

አንድ የሙዝ ነጋዴ በዚህ ግድግዳ ተቀይሞ እንደነበር አስታውሳለሁ። የመኪናው ፒስተን ተሰቅሎ ካርዱ ላይ «ጥፋቱ፦ ባለቤቱ ዘይት መቀየር ይጠላል» ተብሎ ተጽፏል። ሰውዬው ስሜ ጠፋ ብሎ ሁለት ሽማግሌ ይዞ መጣ፤ ካርዱ ይውረድልኝ አለ። ጋሽ አልታዬ ሽማግሌዎቹን በክብር አስቀምጠው እስከ መጨረሻው ሰሟቸው፣ ጣቶቻቸውን ጠረጉ፣ ከዚያ ተነሥተው ከበሩ በላይ የተሰቀለ አንድ ብሎን አሳዩአቸው። ካርዱ «ጥፋቱ፦ አልታዬ ሳያጠብቅ ለቀቀ» ይላል። ጎማው መንገድ ላይ የወለቀ መኪና ብሎን ነው፤ ሰው አልተጎዳም እንጂ ሊጎዳ ይችል ነበር። የራሴን ሳላወርድ የሱን አላወርድም አሉ። ሽማግሌዎቹ ስቀው ሄዱ። ነጋዴውም ከዚያ ወዲህ ዘይት ይቀይራል ይባላል።

የእኔና የሳቸው ነገር የጀመረው በእግራቸው ነው። አንድ ቀን መኪና ስር ሆነው ክሪኩ ተንሸራተተና ጭናቸው ተሰበረ። ለወራት ተኙ። በመተኛት ብዛት እግራቸው ውስጥ ደም ረጋ፣ ከረጋው ደም ቁራጭ ተነሥቶ ሳንባቸው ውስጥ ተቀረቀረ፣ አዲስ አበባ ያለ ሆስፒታል በሞት አፋፍ ላይ ሆነው ደረሱ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ሲሰጣቸው ደግሞ የቆየ የጨጓራ ቁስላቸው መድማት ጀመረ። ከመድኃኒቱ ጋርም ሞት፣ ያለ መድኃኒቱም ሞት ሆነ። ሐኪሞቹ ያገኙት መላ ሆዳቸው ውስጥ ባለው ትልቁ ደም ሥር ማጣሪያ ማስቀመጥ ነበር። ጨርቁ የተገፈፈ የትንሽ ጃንጥላ አጥንት የሚመስል፣ ከቀጭን ሽቦ የተሠራ ነገር ነው። በአንገት በኩል ይገባል፣ እግሮቹን ዘርግቶ የደም ሥሩን ግድግዳ ይይዛል፤ ደሙ ያልፋል፣ የረጋው ይያዛል።

ጊዜያዊ መሆኑንም ነግረዋቸዋል። ቁስሉ ሲድን መድኃኒቱን ይጀምራሉ፣ ማጣሪያውም በጥቂት ወራት ውስጥ ይወጣል፤ በቆየ ቁጥር ሥጋ ይሸፍነዋል፣ ሊያዘነብል፣ ሊሰበር፣ ደም ሥሩንም ሊበሳ ይችላል ብለዋቸዋል። ቀጠሮ ሰጥተው ሸኟቸው።

ሲቀላ ሲመለሱ በከዘራ እየሄዱ ለሰው ሁሉ «ፊልትሮ አስገባሁ» አሉ። ሾፌሮቹ ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፣ ኦሪጂናል ናት ወይስ ፎርጅድ እያሉ ቀለዱባቸው። እሳቸውም አብረው ሳቁ። ቀጠሮው ግን አለፈ፣ እሳቸውም አልሄዱም።

ለምን እንዳልሄዱ ብዙ አስቤበታለሁ። ጋሽ አልታዬ ሁለት የሙያ ሕግ ነበራቸው። አንዱ ፊልትሮ ጊዜውን ጠብቆ ይቀየራል የሚል ነው። ሁለተኛው ያልጮኸን አትፍታ የሚል ነው። የፊተኛውን ለሰው ያስተምራሉ፣ የኋለኛውን ለራሳቸው ያዙ። ለኅሊናቸው ማረፊያ ይሁን ብለው ነው መሰለኝ የራሳቸውን ዘዴ አበጁ። መኪኖች ዓመታዊ ምርመራ አልፈው ቦሎ የሚለጥፉበት ወቅት ሲደርስ እሳቸውም የታጠበ ሸሚዝ ለብሰው፣ ያለፈውን ፊልም ይዘው እኔ ክፍል ይመጣሉ። «ቦሎ ልለጥፍ መጣሁ» ይሉኛል። የሆዳቸውን ራጅ አነሣለሁ፣ ፊልሙን ይዘው ይሄዳሉ።

እኛ ጋ በዚያ ጊዜ ራጅ የሚያነብ ስፔሻሊስት አልነበረም። ደጁ ላይ ሠላሳ ሰው የሚጠብቀው ሐኪም ፊልሙን ወደ መብራት ከፍ አድርጎ «ካለፈው ተለውጧል?» ብሎ እኔን ይጠይቀኛል። እኔም ያለፈውን ዓመትና የዘንድሮውን ጎን ለጎን አድርጌ አያለሁ፤ አልተለወጠም እላለሁ፤ ፖስታው ላይም በእጄ «ለውጥ የለም» ብዬ እጽፋለሁ። አምስት ዓመት፣ አምስት ጊዜ ጻፍኩ። አንዱም ውሸት አልነበረም፤ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝም እሱ ነው።

በአምስተኛው ዓመት፣ ፊልሙን በወሰዱ በሳምንቱ፣ ሞተር ሳይክሌ እምቢ ብሎኝ ጠዋት ጋራዣቸው ገፍቼ ወሰድኩት። ሞተሩን እንኳ አላዩም።

«ና እስቲ» አሉኝ። «ይቺን እያት።»

በምሥራቅ በኩል ባለው መስኮት ላይ ስድስት ፊልም በፕላስተር ተለጥፏል። የመጀመሪያው ማጣሪያው እንደገባ አዲስ አበባ የተነሣ ነው፤ አምስቱ የእኔ ናቸው። ከኋላ ፀሐይ ስላለ ሁሉም ወለል ብሎ ይታያል። ጋሽ አልታዬ ግንበኛ የሚጠቀምበትን ቱንቢ አምጥተው ክሩን የመጀመሪያው ፊልም ፊት አንጠለጠሉት። ማጣሪያው ከክሩ ጋር ቀጥ አለ። ክሩን ወደ ስድስተኛው ወሰዱት። ማጣሪያው ጭነት እንደዞረበት አህያ ወደ አንድ ጎን ዘምሟል።

«እግሯን ቁጠር» አሉኝ።

መጀመሪያው ላይ ስድስት ናቸው። መጨረሻው ላይ አምስት። ስድስተኛው ከአካሉ ተለይቶ እንደወደቀ መርፌ ለብቻው ጋደም ብሏል። ፊልሞቹን በተራ ሳያቸው የሆነው ነገር ገባኝ። በየዓመቱ ያዘነበለው ጥቂት ስለሆነ ካለፈው ዓመት ጋር ሲታይ አይለይም። በሦስተኛው ዓመት ሁለት እግሮች ተደራርበው አንድ መስለው ነበር፤ ድርብርብ ነው ብዬ አለፍኩት። በአራተኛው አንዱ እግር ተሰብሮ ነበር፤ እኔ ግን አምስት እግር ባይም አምናም አምስት ነበር ብዬ አለፍኩ። የተሰበረውን ቁራጭ የአጥንት ጥላ አድርጌው ነበር።

ይህን እየተንተባተብኩ አስረዳኋቸው። ጨርቃቸውን አወረዱ፣ ዐሥሩንም ጣት ጠረጉ።

«ያረጀን ካረጀ ጋር አትለካ» አሉኝ። «ያረጀ ካረጀ ጋር ሁሌ እኩል ነው። ከአዲሱ ጋር ለካ።» ከዚያም፣ «ሌላ ስንት ሰው እንዲህ አይተሃል?» አሉኝ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ሞተር ሳይክሌ ሄደው ካርቡሬተሩን መፍታት ጀመሩ።

ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ ነገ ዛሬ ሳይሉ አዲስ አበባ ይሂዱ ብዬ ለመንኳቸው። ያን ጊዜ ነው መፍራታቸውን ያወቅኩት። ፍርሃታቸው የሞኝ ፍርሃት አልነበረም። አምስት ዓመት የቆየ ብሎን አውቃለሁ፣ ሲፈቱት ይበጠሳል አሉ፤ ብሎኑ ሲበጠስ ግን ሞተሩ አይሞትም፣ እዚህ የሚበጠሰው እኔ ነኝ አሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው እንዳይደርስባቸው ፈሩ። ብትቆይም ትወጋኛለች፣ ብትወጣም ትቀደኛለች፣ ታዲያ የቷን ልምረጥ ብለው ጠየቁኝ። ነገሩን የቆረጡት ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ናቸው። ነገር የማያበዙ ሴት ናቸው። የሰውን ፊልትሮ ስትሰቅል ኖረህ ያንተን ይዘህ ልትቀበር ነው እንዴ፣ ሄደህ አስወጣና ራስህ ስቀለው አሏቸው። በነጋታው ተነሣን።

ከሳቸውና ከእትዬ ዘነበች ጋር አብሬ ሄድኩ፤ የጥፋተኛ ሰው ታዛዥነት ነው። በአንድ ደንበኛቸው የሙዝ መኪና ጋቢና ውስጥ ነው የሄድነው። እግራቸው ደም እንዳያረጋ በየሁለት ሰዓቱ አስቁመው ይራመዱ ነበር፤ በዚያው የቆሙ መኪኖችን ጎማ እየዞሩ ይመረምራሉ። አንድ ቦታ የማያውቁትን ሾፌር ተቆጥተው ጎማ አስቀየሩት።

አዲስ አበባ ያገኘነው ሐኪም ወጣት ነው፣ ነገር አልሸፋፈነም። ከተተወ ዕድሜ ልክ ዝም ብሎ ሊቀመጥ ይችላል፤ የተሰበረው እግር ተነሥቶ ልብ ሊገባም ይችላል። ከወጣ ደም ሥሩ ሊቀደድ ይችላል፤ ተሞክሮ እምቢ ሊልም ይችላል። እኔ ቢወጣ ይሻላል ባይ ነኝ፣ ዋስትና ግን የለኝም አለ። ጋሽ አልታዬ ይህን ወደዱለት። ዋስትና አለኝ የሚል መካኒክ ውሸታም ነው አሉት። ከዚያ ሁለት ነገር ጠየቁት፤ ከዚህ በፊት ስንት እንዳወጣ፣ ያወጣውንስ ለባለቤቱ ይሰጥ እንደሆነ። ጥቂት አውጥቻለሁ፣ ይህን ያህል የቆየ ግን አንድ ብቻ ነው አለ። ስለ ሁለተኛው ጥያቄ እየሳቀ ቃል ገባ።

ከዚያ ፖስታዎቹን አነሣ። አንድ በአንድ ገለበጣቸው። «ለውጥ የለም። ለውጥ የለም። ለውጥ የለም» ብሎ አነበበና ቀና አለ።

«ይህን ሲከታተል የነበረው ማነው?» አለ።

አፌን ከፈትኩ።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ አልታዬ። «ቀጠሮ ሰጥተውኝ የቀረሁት እኔ ነኝ።»

እውነት ነው፣ የቀሩት እሳቸው ናቸው። ሐኪሙም ራሱን ነቅንቆ ወደ ወረቀቱ ዞረ። እኔ አፌን ዘጋሁ። ባወቅኳቸው ዘመን ሁሉ ጣታቸውን ሳይጠርጉ ሲመልሱ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ዝም አይነቅዝም ይላል ያገሬ ሰው፤ የእኔ ዝምታ ግን ነቅዟል።

የማውጣቱ ሥራ ከተባለው በላይ ረዘመ። እትዬ ዘነበች ኮሪደሩ ላይ ቆመው ጸለዩ፣ እኔ ወለሉን ቆጠርኩ። ወጣ። በአንገት በኩል ገብተው በሜንጦ መሰል ነገር ጎትተው ከአምስት እግሩ ጋር አወጡት። ስድስተኛው ቁራጭ ደም ሥሩ ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ ስለነበር ነክተን ከምናባብሰው ብለው ተዉት። ጋሽ አልታዬ ሲነቁ መጀመሪያ የጠየቁት ዕቃዋ የት አለች ብለው ነው። በትንሽ የናሙና ብልቃጥ አድርገው ሰጧቸው። ወደ ብርሃን አንሥተው አገላብጠው አዩዋትና እንዲህ ቀጭን ሆና አምስት ዓመት መሸከሟ ትመሰገናለች አሉ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖሩ፤ ደህና ዓመታት ነበሩ። ቁስላቸው ስለዳነ ክኒናቸውን ይውጣሉ፣ ይሠራሉ፣ ሾፌር ይቆጣሉ። በቦሎ ወቅት መምጣታቸውን አልተዉም። እኔም የቀረችውን ቁራጭ፣ ማጣሪያው ከወጣ በኋላ ከተነሣው የመጀመሪያ ፊልም ጋር እያስተያየሁ፣ በማስመሪያ እየለካሁ እነግራቸዋለሁ፤ ካለችበት አልተነቃነቀችም። በየሌሊቱ ባይሆንም በየሳምንቱ አስባት ነበር። ለዚህ ነው ዘበኛውን «ከምን?» ያልኩት። ለዚህ ነው ወባ ሲለኝ እፎይ ያልኩት።

ሥራዬ ላይም ጠባይ አወጣሁ። ሰው ሁሉ ራጅ ሊነሣ ሲመጣ የመጀመሪያውን ፊልም አምጡ እላለሁ። ያለፈውን ያመጡልኛል፤ አይ፣ የመጀመሪያውን እላለሁ። ከደጋ በእግር የመጣ ሰው ያጉረመርማል፤ የሥራ ባልደረቦቼ «ከአዲሱ ጋር ለካ» የሚል ስም አወጡልኝ። አንድ ሁለት ጊዜ በዚህ ምክንያት ሌላ ሰው ያለፈውን ነገር አግኝቻለሁ። ለጋሽ አልታዬ ስነግራቸው አንገታቸውን ነቀነቁ። ስለዚያ ስለ ሐኪሙ ክፍል ግን ምንም አላልኳቸውም። ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ነው ወባው የቀደመኝ።

ለቅሶ የደረስኩት ከዘበኛው በሰማሁ በነጋታው ነው። እትዬ ዘነበች የእድር ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ጭር ባለው ግቢ ብቻቸውን ነበሩ። አልቅሼ፣ አልቅሰው፣ ተቀመጥን። በኋላ ጋራዡን ከፈቱልኝ። ግድግዳው እንዳለ ነው። ማጣሪያዋ ከበሩ በላይ፣ ከሳቸው ብሎን ጎን በሽቦ ተንጠልጥላለች። እዚያ መሰቀሏን አውቅ ነበር፤ ነገር ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ቀና ብዬ ካርዷን አንብቤ አላውቅም። በርጩማ ላይ ወጥቼ አነበብኩ።

«አምስት ዓመት ሠራች። ዘመመች፣ አንድ እግር ተሰበረች። ጥፋቱ፦ ባለቤቱ በቀጠሮ አልሄደም፣ እና»

እዚያ ላይ ያበቃል። ከ«እና» በኋላ የካርዱ ግማሽ ባዶ ነው። ግድግዳው ላይ ካሉት ካርዶች ሁሉ ያላለቀው እሱ ብቻ ነው።

እትዬ ዘነበችን ማርከር ጠየቅኳቸው። ከመሣቢያው የሳቸውን አምጥተው ሰጡኝ። ከ«እና» ቀጥዬ «ራጅ አንሺው አምስት ዓመት አይቶ አላየም» ብዬ ጻፍኩ፤ ስሜንም ጨመርኩ። ምን ጻፍክ አሉኝ፤ አነበብኩላቸው።

አልደነገጡም። «ይቺ ካርድ አላለቀችም፣ ጨርሳት እያልኩ ስንቴ ነገርኩት» አሉኝ። «እኔ አልጨርሳትም፣ የሚጨርሳት ሰው ይመጣል ይለኝ ነበር።»

በርጩማው ላይ እንደቆምኩ ቀረሁ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ሞተር ሳይክሌን እስኪሠሩልኝ እየጠበቅኩ፣ ስንት ጊዜ እዚያው በር ስር ቆሜ ነበር።